ሪፍራክተር ቴሌስኮፕ ምንድን ነው?

ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ የቆመ እርሳስ የተሰበረ ይመስላል። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲያልፍ መንገዱን ይቀይራል። ወደ ሌንስ ሲገባም እንደዚያው ነው። ሪፍራክተር ቴሌስኮፕ ይህንን ነው የሚጠቀምበት። ከፊት ያለው ትልቁ ሌንስ ከሰማይ የመጣውን ብርሃን ሰብስቦ ምስል ይፈጥራል። ዓይናችንን የምናስጠጋበት ትንሹ ሌንስ ደግሞ ያንን ምስል ያጎላዋል። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያየው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው።

የመጀመሪያ ቴሌስኮፔን ስገዛ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «525 እጥፍ ያጎላል» ይል ነበር። እሱን አምኜ ገዛሁት። ለጀማሪ ከዚህ የባሰ አሳሳች ቁጥር የለም። የሌንሱ ስፋት 70 ሚሊሜትር ነበር። አየሩ በረጋበት ሌሊት እንኳ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ከ2 እጥፍ ብዙም አይዘለልም። ስለዚህ የ70 ሚሊሜትር ጣሪያ ወደ 140 እጥፍ ነው። ከዚያ በላይ ምስሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል፤ አዲስ ነገር አይታይም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት (ከፊት ሌንሱ ምስሉ እስከሚፈጠርበት ቦታ ያለውን ርቀት) ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት ማካፈል ነው። 700 ሚሊሜትር ለ10 ሲካፈል 70 እጥፍ ይሰጣል። የሳተርንን ቀለበት ለማየት ይኸው ይበቃል! ስትገዙ መጀመሪያ የፊት ሌንሱን ስፋት እዩ። ቀጥሎ እግሩን። የሚንቀጠቀጥ እግር ላይ የተቀመጠ ምርጥ ሌንስ ምንም አያሳይም።

አንድ ድክመት አለው። ሌንስ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ የበለጠ ስለሚያጎብጠው ደማቅ ነገሮች ጠርዛቸው ወይን ጠጅ ይሆናል። ለዚህ መላው ሁለት ዓይነት ብርጭቆ ማጣመር ነው፤ አክሮማት ይባላል። አፖክሮማት ከዚያም የጠራ ነው፣ ዋጋው ግን ይከብዳል።

ሪፍራክተር እንደ ልብ አይተልቅም። ሌንስ የሚያዘው በጠርዙ ብቻ ስለሆነ ሲከብድ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። በአሜሪካ በ1897 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የየርክስ ቴሌስኮፕ ሌንስ ስፋት 102 ሴንቲሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች በሌንስ ፈንታ ብርሃንን በሚያንጸባርቅ መስታወት ወደ መሰብሰብ ዞረዋል። በእንጦጦ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ ያሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም ባለ መስታወት ናቸው።

በቴሌስኮፕ ፀሐይን በፍጹም እንዳታዩ፤ ከፊት የሚገጠም ትክክለኛ ማጣሪያ ከሌለ ዓይን ያጠፋል። በጨረቃ ጀምሩ። ሙሉ እስክትሆን ግን አትጠብቁ። ግማሽ ስትሆን ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ የተራሮቿ ጥላ ረዝሞ ይታያል።