«አራት ዓይን»፣ «የጋሪ ፋኖስ» እና ሌሎች የመነጽር ቅጽል ስሞች

«መነጽር» የሚለው ቃላችን ነጸረ ከሚለው የግእዝ ግስ የተገኘ ነው፤ ነጸረ ማለት አየ፣ ተመለከተ ማለት ነው። ሥራውን ስም አድርገንለታል። የእንግሊዝኛው «ስፔክታክልስ»ም ከላቲን «ማየት» የመጣ ሲሆን፣ የዕለት ተዕለቱ «ስፔክስ» የእርሱ ቁራጭ ነው። ብሪታንያውያን በሰፈር ቋንቋቸው ያወጧቸው ቅጽል ስሞች ግን ስለ ማየት እምብዛም አይናገሩም። የሚናገሩት መነጽሩ ፊት ላይ ተቀምጦ ምን እንደሚመስል ነው።

ከሁሉም እኔን የሚማርከኝ «ባርናክልስ» ነው። ቃሉን ዛሬ የሚሰማ ሰው ቶሎ የሚታወሰው የመርከብ ሆድ ላይ የሚጣበቀው ቅርፊታም የባሕር ፍጡር ነው። የመነጽሩ ስም የመጣው ግን ከፈረስ ቤት ነው። ሰኮናው ላይ ብረት ሲመታለት አልቆም ብሎ የሚራገጥን ፈረስ፣ አፍንጫውን ጨምድዶ ጸጥ የሚያሰኝ ጉጠት መሰል መሣሪያ ነበር፤ ባርናክልስ የሚባለው እርሱ ነው። ስሙ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ መነጽር ተሻገረ። የዚያን ጊዜ መነጽር ጆሮ ላይ የሚያርፍ ክንድ አልነበረውም። ሁለት ክብ መስተዋቶች በመካከላቸው ተያይዘው አፍንጫን ቆንጥጠው ይቆሙ ነበር። አንባቢው ሲያጎነብስ ይወድቅበታል፤ እንዳይወድቅ ካጠበቀው ደግሞ አፍንጫው ላይ ቀይ ሰንበር ይተውበታል። ፈረሱ ሲያዝ ያየ ሰው ለዚህ ነገር ስም ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። የፍራንሲስ ግሮዝ የሰፈር ቋንቋ መዝገበ ቃላት በ1811 እ.ኤ.አ. ዕትሙ የፈረሱን ጉጠትና መነጽሩን በአንድ ቃል ሥር ጎን ለጎን አስፍሯቸዋል። ያኔ ኤድዋርድ ስካርሌት የተባለው የለንደን መነጽር ሠሪ የጆሮ ግንድን የሚይዙ ክንዶች ያሉት መነጽር መሸጥ ከጀመረ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። አፍንጫ መቆንጠጡ ቀረ፤ ስሙ ግን ዘለቀ።

ቀጥሎ የመጣው «ጊግ ላምፕስ» ነው፤ የጋሪ ፋኖስ ማለት ነው። ጊግ በአንድ ፈረስ የሚጎተት፣ ሁለት እግር ያለው ቀላል ጋሪ ነበር። በግራና በቀኙ አንዳንድ ፋኖስ ይንጠለጠልበታል። በጨለማ መንገድ ጋሪው ከሩቅ ሲመጣ የሚታዩት ሁለቱ ክብ ብርሃኖች ብቻ ናቸው፤ የመነጽር መስተዋት በሻማ ፊት ሲያብለጨልጭ ያየ ሰው ምስሉን ወዲያው ያውቀዋል። ስሙን በሰፊው ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ብራድሌይ ከ1853 ጀምሮ ስለ አንድ የኦክስፎርድ ጀማሪ ተማሪ የጻፈው አስቂኝ ልብ ወለድ ነው፤ ባለመነጽሩን ተማሪ ጓደኞቹ «ጊግ ላምፕስ» እያሉ ይጠሩታል። ጋሪው ከመንገድ ሲጠፋ ቃሉም አብሮት ደበዘዘ።

የለንደን ሰዎች «ቢንስ» የሚሉት ከባይኖኩላር፣ ከሩቅ ማሳያው፣ የተቆረጠ ነው። «ሃክኒ ማርሺስ» ግን ትንሽ ማብራሪያ ይሻል። የምሥራቅ ለንደን ሰዎች አንድን ቃል ቤት በሚመታለት ሌላ ሐረግ የመተካት ልማድ አላቸው። ሃክኒ ማርሺስ ብዙ የእግር ኳስ ሜዳዎች ያሉበት የምሥራቅ ለንደን መስክ ነው፤ «ግላሲስ»ን እንደ ለንደን ሰው «ግላ» ላይ ሳብ አድርጎ ለሚጠራ ጆሮ «ማርሺስ» ቤት ይመታለታል። ከመነጽር ጋር ሌላ ዝምድና የለውም።

በትምህርት ቤት ግቢ ባለመነጽር ልጅን የሚያስለቅሰው ስም ደግሞ «ፎር አይስ»፣ አራት ዓይን፣ ነው። በ1948 የተቋቋመው የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት መነጽር በነጻ ማደል ሲጀምር የድሃም ልጅ ማየት ቻለ፤ ግን መነጽሩ ራሱ የድህነት ምልክት ተደርጎ ይሰደብበት ጀመር። የሚታይለትን ልጅ በማየቱ ማሸማቀቅ ጭካኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስድብ የአማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው ግር ይለዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤታችን «አራት ዓይና» የሚባለው አራቱን ጉባዔያት፣ ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን፣ ከነትርጓሜያቸው የጨረሰ መምህር ነው። ከዚህ በላይ የሚፈለግ የሊቅነት ስም የለም፤ ለእርሱም ብዙ ዓመት ከመምህር እግር ሥር መቀመጥ ይጠይቃል። አራቱ ዓይኖች አራቱ የመጻሕፍት ወገኖች ናቸው። በዚያው ትምህርት ቤት ዓይነ ስውር ሆነው ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ መምህራን ነበሩ፤ ተማሪው ያነብላቸዋል፣ እርሳቸው በቃላቸው ያርሙታል።