የርቀት ሴሚናር በባሕር ዳር

የርቀት ሴሚናር አሠልጣኙና ሠልጣኞቹ በየቦታቸው ሆነው በኢንተርኔት የሚገናኙበት፣ ተሳታፊው ከፍሎ የሚገባበት አጭር ሥልጠና ነው። ለባሕር ዳር እንግዳ የሆነው ኢንተርኔቱ ሳይሆን «ከፍሎ» የሚለው ቃል ነው። በጣና ዳር ሆቴሎች አዳራሽ የሚሰበሰብ ሠልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ የላከው ነው፤ አበል ይታሰብለታል፣ ሻይ ቡና ይቀርብለታል፣ ሲመቸውም በጀልባ ገዳማቱን አይቶ ይመለሳል። በስልኩ ለሚከታተል ሰው ይህ ሁሉ የለም፤ የሚገዛው ትምህርቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ገበያው ያለው ቁርጥ ያለ ጉዳይ ባላቸው ርዕሶች ላይ ነው፦ የሒሳብ መዝገብ ፒችትሪ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መያዝ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ዝግጅት፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና። «የአመራር ጥበብ» የሚል ሰፊ ርዕስ አበል ካለ አዳራሽ ይሞላል፤ ከሰው ኪስ ገንዘብ ማውጣት ግን አይሆንለትም። አስተማሪ አይጠፋም፤ ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከተማዋን በመምህራን ሞልቷታል።

ከመሣሪያዎቹ የታወቀው ዙም ነው። በነጻ እስከ 100 ሰው ያስተናግዳል፤ 40 ደቂቃ ሲሞላ ግን ስብሰባውን ይዘጋዋል። ገደቡን ለማንሣት ከፋይ ደንበኛ ለመሆን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሚያስፈልግ ብዙው አሠልጣኝ ወደ ቴሌግራም ያዘነብላል። በቴሌግራም በቀጥታ ከማስተማር ባሻገር እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ቅጂ መላክ ይቻላል። ድምፅ ብቻ ሲተላለፍ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ያህል ይበቃል፤ ምስል ሲጨመር ፍጆታው ብዙ እጥፍ ነው። ሠልጣኙ የኢንተርኔት ጥቅሉን የሚገዛው በራሱ ገንዘብ በመሆኑ ካሜራን ዘግቶ ጽሑፍ እያሳዩ ማስረዳት ንፉግነት አይደለም።

ክፍያው በባንክ ወይም በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ይገባል። ከፋዩ የደረሰኙን ምስል ይልካል፤ ምስል ደግሞ ይቀባባል። ገንዘቡ መግባቱን በግብይት ቁጥሩ ከራሱ ሒሳብ ላይ ሳያረጋግጥ መግቢያውን የሚልክ አሠልጣኝ ትርፉን በዚያው ያጣል። 40 ሰው 300 ብር ቢከፍል 12,000 ብር ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ኢንተርኔቱ፣ ማስታወቂያው፣ ግብሩና የሰውን ማይክ እየዘጋ ጥያቄ የሚሰበስበው ረዳት ይቀነሳሉ። ዋናው ትርፍ የሚገኘው ያው ትምህርት ተቀድቶ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዙር ሲሸጥ ነው።

የሰዓት ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ማስታወቂያው «ምሽት 2 ሰዓት» ይላል፤ የዙም መልእክት በፈረንጅ አቆጣጠር 8፡00 ብሎ ይደርሳል። አንዱ በሁለት ሰዓት ይገባል፤ ሌላው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ «አልተጀመረም ወይ?» ብሎ ይጽፋል። ዋሽንግተን ያለው ወገን ደግሞ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ብዙ ንትርክ ያስቀራል።

መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚሄድ የስልክ ዳታ መጠባበቂያ ነው። እሱም ሁልጊዜ አይታመንም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል ግጭት ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ክፍያን መመለስ ወይም ወደ ሌላ ዙር ማዛወር አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተገለጸ ጠብ ያመጣል።

ከሁሉ የማይገመተው ግን ቆርቆሮው ነው። የሐምሌ ዝናብ ከሐይቁ በኩል መጥቶ ጣሪያውን መደብደብ ሲጀምር ማይክራፎኑ የሚይዘው ዝናቡን ብቻ ነው። ልምድ ያለው አሠልጣኝ የክረምቱን ትምህርት በሚያዝያ ቀድቶ ያስቀምጣል፤ በዕለቱ ቅጂውን ይለቅና ጥያቄውን በጽሑፍ ይመልሳል።