«ስሸመግል እቆርባለሁ» ማለት ይብቃ

ወሎ ውስጥ በየትኛውም አጥቢያ የእሑድ ቅዳሴ ላይ ቆማችሁ ወደ ቁርባን የሚቀርበውን ተመልከቱ። ሕፃናት በእናቶቻቸው ክንድ፣ ከዚያም በዘንግ የሚደገፉ አዛውንት። አብዛኛው ወጣትና ጎልማሳ ቆሞ ያያል። ምክንያቱን ስትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ «ገና ነኝ፤ ስሸመግል እቆርባለሁ።» ይህን መስማት ሰልችቶናል!

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀናቸው ተጠምቀው በዚያው ዕለት ይቆርባሉ። በዮሐንስ 6፥53 «የሰውን ልጅ ሥጋ ካልበላችሁ ደሙንም ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም» ሲባል ዕድሜ አልተለየም። ከአባባሉ ሥር ያለው ፍርሃት «ቆርቤ ብሳሳትስ?» የሚለው ነው። ብትሳሳቱ ዳግመኛ ንስሐ ትገባላችሁ። ቂምና ስስት እንደሆኑ በሽምግልና አይለቁም።

መንገዱ ግልጽ ነው። ከአጥቢያችሁ ካህናት አንዱን የንስሐ አባት አድርጋችሁ ያዙ። በብዙ ቤት የንስሐ አባት የሚታወሱት ለጠበል ርጨትና ለፍትሐት ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። ቀጥሎ ተናዘዙ፤ ብዙው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። «አባ፣ በሁሉም በድያለሁ፤ ይፍቱኝ» ብሎ መነሣት ኑዛዜ አይደለም። ሐኪም ፊት «ሁሉም ያመኛል» ላለ ሰው መድኃኒት እንደማይታዘዝ፣ ካህኑም ለዚህ የሚሰጡት ቀኖና፣ ማለትም የንስሐ ቅጣት፣ የለም። ኃጢአቱን በስሙ ጥሩት። የሰው ገንዘብ ካለባችሁ መልሱ፤ ከተጣላችሁት ታረቁ። ጾምም ይሁን ስግደት ወይም ምጽዋት፣ የተሰጣችሁን ቀኖና ፈጽማችሁ ተመለሱ። ከበዳችሁ ብላችሁ ሌላ ካህን አትፈልጉ፤ ለዚያው አባት ንገሩ፣ ያቀሉላችኋል። ሲፈቀድላችሁ ባለትዳሮች ከ3 ቀን በፊት ከመኝታ ተለዩ፤ ሁላችሁም 18 ሰዓት ከእህልና ከውኃ ተከልክላችሁ ከቅዳሴው መጀመሪያ ቁሙ።

ይብቁ የምንላቸው ሌሎች አባባሎችም አሉ። «ግሸን ደርሼ መጣሁ፤ ኃጢአቴ ተራገፈ።» መስከረም 21 አምባሰል ወጥቶ ግሸን ማርያምን መሳለም ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን ከጉዞው በፊት ተናዘዙ እንጂ ጉዞውን የንስሐ ምትክ አታድርጉት።

«ጸሎት በግእዝ ካልሆነ አይሰማም።» ሐሰት ነው። ዳዊቱም ውዳሴ ማርያሙም በአማርኛ ታትሟል።

«ጾም ሥጋና ወተት መተው ነው።» ኢሳይያስ 58ን አንብቡ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከማዕዳችሁ የቀረው ለተራበ ሰው ካልደረሰ ጾሙ ጎዶሎ ነው።

«ጥበብ የሊቃውንት ነው።» ሊቃውንቱ በእርግጥ ባለውለታዎቻችን ናቸው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ አስተምረዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። የወሎዋ ዋድላም በቅኔዋ የታወቀች ናት። ያዕቆብ 1፥5 ላይ ግን ጥበብ የጎደለው ማንም ሰው እግዚአብሔርን ይለምን ተብሏል። 3፥17 ደግሞ መለያዋን ይነግረናል፤ ንጽሕት፣ ታራቂ፣ ገር፣ እሺ ባይ። ጥቅስ እየደረደሩ ጎረቤት ማኩረፍ ከዚህ ውስጥ የለም።

«በቀን ሰባቱን የጸሎት ጊዜ መጸለይ ስለማልችል ትቼዋለሁ።» ለሰኞ የተመደበው ዳዊት ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው፤ ጀማሪ ይህን ሁሉ በአንዴ ይጀምርና ሳምንቱ ሳያልቅ ያቆማል። በነግህና በመኝታ ጀምሩ። ጠዋት ስልክ ሳትነኩ አባታችን ሆይ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያምና አንድ መዝሙር ጸልዩ። ማታ አባታችን ሆይና አንድ መዝሙር ይበቃል። ይህ ሳይቋረጥ ከጸና በኋላ የሠርኩን፣ ማለትም የማምሻውን፣ ጸሎት ጨምሩ፤ የቀረውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩበት።