የነዳጅ ጌጁ «ግማሽ» ሲል ግማሽ ማለት ነው?

ቁልፉን አዙሩና ሞተሩን ሳታስነሱ ጆሯችሁን ወደ ኋላ ወንበር ጣል አድርጉ። በብዙ የቤንዚን መኪኖች ለሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የነዳጅ ፓምፑ ነው። መስመሩን በግፊት ይሞላል፤ ሞተሩ ካልተነሳ ኮምፒውተሩ ያጠፋዋል።

ፓምፑ ያለው ታንኩ ውስጥ፣ ቤንዚኑ ውስጥ ተነክሮ ነው። ይሄን ሲሰማ የማይደነግጥ የለም። ግን ቤንዚን ያለ አየር አይቃጠልም፤ የፓምፑን ሆድ የሞላው ደግሞ ነዳጅ ብቻ ነው። እንዲያውም ነዳጁ ፓምፑን ያቀዘቅዝለታል። ሁልጊዜ የነዳጅ ማነስ መብራቱ እስኪበራ ጠብቃችሁ የምትቀዱ ከሆነ እባካችሁ ተዉት፤ ፓምፑ እየጋለ ዕድሜው ያጥራል።

ጌጁስ? እዚያው ታንኩ ውስጥ፣ በቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ አለ። ነዳጁ ሲጎድል ክንዱ አብሮ ይወርዳል። ሌላው ጫፉ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ዕቃ) ላይ ይንሸራተታል፣ የኤሌክትሪኩ መጠን ይለወጣል፣ ቀስቱም ይንቀሳቀሳል። ልብ በሉ፤ የሚለካው ከፍታን እንጂ ሊትርን አይደለም። ታንኩ ደግሞ ወንበር ስር እንዲገባ ተብሎ ከላይና ከታች ስፋቱ ይለያያል። በብዙ መኪኖች «ግማሽ» ትክክለኛ ግማሽ የማይሆነው ለዚህ ነው። ተንሳፋፊው ታንኩ ጢም ሳይል ጣሪያውን ስለሚነካም፣ ከሞላችሁ በኋላ ቀስቱ ለብዙ ኪሎ ሜትር ንቅንቅ አይልም። ዳገት ላይ ደግሞ ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ስለሚያጋድል ንባቡ ይዛባል።

ቀስቱ ድንገት ባዶ ላይ ወድቆ ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ያለቀው ነዳጁ ሳይሆን ሬዚስተሩ ነው።