መኪናን በግማሽ ጀሪካን ውሃ ማጠብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአዲስ አበባ መሃል ርቀን በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በለገጣፎ በኩል የምንኖር ሰዎች መኪናችንን በንጽሕና ለመያዝ ስንሞክር ሁለት ነገሮች ይፈትኑናል። አንደኛው አቧራው ነው፤ አስፋልቱ ባለቀበት መንገድ ገልባጭ መኪኖች ድንጋይና አሸዋ ሲያመላልሱ የሚነሣው አቧራ ማለዳ የታጠበውን መኪና ማታ መልሶ ያለብሰዋል። ሌላው ውሃው ነው፤ በፈረቃ የሚመጣ፣ በሮቶና በበርሜል የሚጠራቀም፣ ፎቅ ላይ ለሚኖር ደግሞ በጀሪካን ተሸክመው የሚያወጡት ውሃ ነው። በዚህ ምክንያት ሪንስለስ እየተባለ የሚሸጠው፣ መኪናው ከታጠበ በኋላ መለቅለቅ የማያስፈልገው የማጠቢያ ፈሳሽ ከማንም ይልቅ ለእኛ የሚጠቅም ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ስለ ፈሳሹ በየግቢው ከሚነገረው ብዙው ስሕተት በመሆኑ አንዱ ፈርቶ ይተወዋል፣ ሌላው ያለ አግባብ ተጠቅሞበት የመኪናውን ቀለም ይጎዳል። ከጎረቤቶቼ ደጋግሜ የሰማኋቸውን አስተያየቶች እዚህ አንድ በአንድ አነሣለሁ።

«ብዙ ውሃ ካልፈሰሰበት ቀለሙን ይጭረዋል»

ይህ ሥጋት ከሁሉም በላይ የተስፋፋ ነው፤ መነሻውም ትክክል ስለሆነ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ስሕተቱ ያለው ምክንያቱን በመለየት ላይ ነው። ቀለምን የሚጭረው የውሃ ማነስ ሳይሆን በጨርቁና በቀለሙ መካከል ተይዞ እየተጫነ የሚጎተት የአሸዋ ቅንጣት ነው። ብዙ ውሃ የሚጠቅመን ይህን ቅንጣት ጠርጎ ስለሚወስድልን ነው፤ ሆኖም ጎማ ዘርግተን የቱንም ያህል ብናፈስበት ከቀለሙ ጋር የተጣበቀው ስስ የአቧራ ሽፋን በእጅ ካልተነካ አይለቅም፤ በእጅ ስንነካውም ጥያቄው ጨርቁ ንጹሕ ነው ወይ ወደሚለው ይመለሳል። ላቫጆ ውስጥ ቸርኬውን ያሸው ስፖንጅ ወደ ኮፈኑ ከተሻገረ፣ አረፋው ምንም ያህል ቢትረፈረፍ ጭረቱ አይቀርም።

ሪንስለስ የሚሠራው ቅንጣቱን በሌላ መንገድ በመያዝ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ቆሻሻን ከገጹ የሚያላቅቁ ንጥረ ነገሮችና ፖሊመሮች ይገኛሉ። ፖሊመሮቹ፣ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ረጃጅም ሞለኪውሎች በመሆናቸው፣ የአቧራውን ቅንጣት ሸፍነው ይይዙታል፤ በጨርቁና በቀለሙ መካከልም የሚያንሸራትት ስስ ሽፋን ይፈጥራሉ። ተሸፍኖ የተነሣው ቅንጣት ማይክሮፋይበር ወደሚባለው፣ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ወዳሉት ጨርቅ ውስጥ ይገባል፣ በቀለሙ ላይ እየተንከባለለ አይቆይም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጨርቁ በሚገባ ከረጠበ፣ እጃችን ካልተጫነውና የጨርቁን ገጽ ቶሎ ቶሎ ከቀየርን ብቻ ነው።

ነገሩን አክብጄ የማነሣው ልንጠብቀው የሚገባን ሽፋን እጅግ ቀጭን በመሆኑ ነው። ፋብሪካ ከቀለሙ በላይ የሚቀባው ግልጽ ሽፋን በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ውፍረት ያለው ሲሆን የአንድ ሰው ጠጉር ደግሞ 70 ማይክሮን ያህል ነው። ጭረትን በፖሊሽ ማጥፋት ማለት ከዚሁ ቀጭን ሽፋን ላይ ጥቂት መፋቅ ማለት ስለሆነ የተፋቀው አይተካም። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት መኪናዬን በደረቅ ጨርቅ እወለውል ነበር፤ ውሃ መቆጠቤ እንደሆነም አምን ነበር። ቀለሙ ጥቁር ነውና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በአግድም ሲያርፍበት ኮፈኑ በሙሉ የሸረሪት ድር በመሰለ ክብ ክብ ጭረት ተሸፍኖ አየሁት። በጤዛ በራሰ መኪና ላይ ማለዳ ጨርቅ ማሳለፍም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ጤዛው አቧራውን ወደ ስስ ጭቃ ይለውጠዋል እንጂ አያነሣውም። ውሃ ሳይፈስበት ቀለም ይጫራል የሚሉ ሰዎች መፍራት የሚገባቸው በየማለዳው የሚደረገውን ይህን ውልወላ ነው።

«መለቅለቅ ካላስፈለገው ጭቃውንም ያነሣዋል»

ይህኛው ከመጀመሪያው ተቃራኒ ቢሆንም ጉዳቱ ይብሳል። በአቃቂና በኮዬ ፈጬ በኩል ያለውን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ሰው በክረምት ከፓራፋንጎው ሥርና ከበሮቹ ታችኛ ክፍል ላይ ምን እንደሚጋገር ያውቃል። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥና የሚጣበቅ ሸክላ ነው፤ ሲደርቅም እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ በውስጡም ጠጠርና አሸዋ ይይዛል። የትኛውም ፖሊመር እንዲህ ያለውን ግግር ሸፍኖ ሊያነሣው አይችልም፤ ጨርቅ ካሳለፍንበት ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈተግ ይሆናል።

ስለዚህ ጭቃ ሲኖር መጀመሪያ በውሃ መውረድ አለበት። ለዚህም ቢሆን የሚፈስ ቧንቧ የግድ አያስፈልግም፤ በጆግ ከላይ ወደ ታች በቀስታ አፍስሶ አሥር ደቂቃ ያህል እንዲርስ መተው፣ ከዚያም ደግሞ ማፍሰስ ይበቃል። በእጅ የሚነፋ መርጫ ያለው ሰው ሥራው ይቀልለታል፤ መርጫው ግን አዲስ እንጂ ቀድሞ የፀረ አረም መድኃኒት የተረጨበት መሆን የለበትም። የክረምት ዝናብ ራሱም ይረዳናል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ ወርዶ በበርሜል የተጠራቀመ ውሃ፣ የመጀመሪያው አቧራ ታጥቦ ከወረደ በኋላ የተያዘ ከሆነ፣ ማዕድን እምብዛም ስለሌለበት መኪና ለማጠብ ከቧንቧ ውሃ የተሻለ ነው። ጭቃው ወርዶ ስስ ቆሻሻ ብቻ ሲቀር ሪንስለሱ ሥራውን ይጀምራል። በጭቃ ላይ በቀጥታ የሚያሳልፍ ሰው ባይ ግን ፈሳሹን ትቶ ላቫጆ ቢሄድ ይሻለዋል እላለሁ።

«ብዙ ከጨመሩበት በደንብ ያጸዳል»

አያጸዳም። ከእነዚህ ፈሳሾች መካከል የታወቁት ለአንድ እጅ ፈሳሽ 256 እጅ ውሃ በሚል ልክ ይቀጠናሉ፤ ይህም ለ10 ሊትር ውሃ ወደ 40 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ምርቱ ሲለያይ ልኩም ስለሚለያይ የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። በግምት የሚገለብጥ ሰው ከደረቀ በኋላ በመስታወቱ ላይ የማይጠፋ ጭጋግና በቀለሙ ላይ የሚያጣብቅ ሽፋን ይገጥመዋል፤ ያ ሽፋን ደግሞ አቧራን እየሳበ ይይዛል። በተባለው ልክ የሚጠቀም ሰው አንድ ሊትር ጠርሙስ 25 ጊዜ ያጥብለታል። ለመለኪያ የሽሮፕ መድኃኒት መስፈሪያ ይበቃል።

«በኦሞም ያው ነው፤ ዋናው አረፋው ነው»

ብዙዎቻችን አረፋን የንጽሕና ምልክት አድርገን ስላደግን፣ ባልዲው ውስጥ አረፋ የማይሠራ ፈሳሽ ስናይ የተታለልን ይመስለናል። አረፋ ግን አየር የገባበት ሳሙና እንጂ የማጽዳት ኃይል መለኪያ አይደለም። ሪንስለስ አረፋው ጥቂት የሆነው እንዳይለቀለቅ ሆኖ ስለተሠራ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ደግሞ የተሠራው ለልብስ ነው፤ በብዙ ውሃ ካልተለቀለቀ ነጭ ዝቃጭ ጥሎ ይደርቃል፣ ጠንካራ አልካሊ በመሆኑም በቀለሙ ላይ ያለውን መከላከያ ሰም ይገፋል። ሰም የሌለው ቀለም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ከፍታ ኃይለኛ ፀሐይን ራቁቱን ይጋፈጣል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽም ቅባት ለመቁረጥ የተሠራ ስለሆነ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

«ለጨርቅማ አሮጌ ካናቴራ ይበቃል»

በእኔ እምነት የሥራው ዋና መሣሪያ ፈሳሹ ሳይሆን ጨርቁ ነው፤ ገንዘብ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ለሆነ ሰው መጀመሪያ ጥሩ ጨርቆች ይግዛ እላለሁ። የጥጥ ካናቴራ ገጹ ለጥ ያለ ስለሆነ ቅንጣቱን የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ይዞት ይጎትታል። ማይክሮፋይበር ግን ከፖሊስተርና ከፖሊያማይድ የሚሠሩ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ያሉት በመሆኑ ቅንጣቱን ከገጹ አርቆ ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። በባልዲ 10 ሊትር ውሃ አዘጋጅቼ ስድስት ወይም ስምንት ጨርቆችን አንድ ላይ እነክራለሁ፤ ከዚያው ውሃ በትንሽ መርጫ እሞላለሁ። ከጣሪያው ጀምሬ፣ የማጥበውን ክፍል ብቻ በመርጫው አርሼ አንድ ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ጠብ ጠብ የሚለውን ጨርቅ ለአራት አጥፌ፣ ሳልጫን፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አሳልፈዋለሁ። እንዲህ የታጠፈ ጨርቅ ስምንት ንጹሕ ገጾች ስላሉት በእያንዳንዱ ማሳለፍ አዲስ ገጽ አወጣለሁ። ስምንቱም ሲያልቁ ጨርቁን ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ ወደ ባልዲው መልሼ በፍጹም አልነክረውም። ይህን ደንብ የሚጠብቅ ሰው የባልዲው ውሃ እስከ መጨረሻው ንጹሕ ሆኖ ሲቆይለት ያያል። የታጠበው ክፍል ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ማይክሮፋይበር ይጠረጋል። የበሮቹ ታችኛ ክፍልና ፓራውልቱ በመጨረሻ ይታጠባሉ፤ ቸርኬው ደግሞ ወደ ቀለሙ ፈጽሞ የማይመለስ የራሱ ጨርቅ ይኑረው።

መሬት የወደቀ ጨርቅ ቢራገፍም ወደ ቀለሙ አይመለስም፤ ታጥቦም ቢሆን ለጎማ ብቻ ይሁን። ጨርቆቹ ለብቻቸው በለብታ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ይታጠባሉ፤ የልብስ ማለስለሻ ክሮቹን ስለሚደፍን፣ በረኪናም ስለሚጎዳቸው አይጨመሩም። በአጥር ላይ ማስጣት ያው የሸሸነውን አቧራ ወደ ጨርቁ መመለስ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ወይም አቧራ በማይደርስበት በረንዳ ቢሰጡ ይመረጣል።

«ፀሐይ ላይ ከሆነ ቶሎ ይደርቃል»

ቶሎ መድረቁ ነው ጉዳቱ። ጠብታው በጋለ ኮፈን ላይ ሲተን ውሃው ይሄዳል፣ በውስጡ የነበሩት ካልሲየምና ማግኒዚየም ግን ነጭ ክብ ሆነው ይቀራሉ። የከተማችን ውሃ ከፊሉ ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከድሬ ግድቦች፣ ከፊሉም በአቃቂና በሌሎች አካባቢዎች ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚመጣ ሲሆን፣ የጉድጓድ ውሃ በአብዛኛው ብዙ ማዕድን ስለሚሟሟበት ምልክቱ ይበዛል። ጥሩው ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ኮፈኑ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ የሆነበት ማንኛውም ሰዓት ነው። የወፍ ኩስ ካለ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሪንስለሱ የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃዎች ይደረግበት፤ ፀሐይ ያደረቀውን ኩስ መፋቅ ሽፋኑን ይዞ ይወጣል።

«ሪንስለስ ማለት ረጭተው የሚወለውሉት ነው»

ያ ሌላ ምርት ነው። ያለ ባልዲ በቀጥታ ተረጭቶ የሚወለወለው ፈሳሽ ለቀላል አቧራ ብቻ የሚሆን ሲሆን፣ በእኛ መንገድ ለሚውል መኪና ብዙ ጊዜ አይበቃም። ሪንስለስ ሰም ያጠፋል የሚለውም ስሕተት ነው፤ በልኩ ከቀጠነ ሰሙን አይገፋም፣ ሆኖም ሰም የሚተካ ተደርጎ መታየት የለበትም።

«የአንድ ሰው ውሃ መቆጠብ ምን ዋጋ አለው?»

ቧንቧው በደቂቃ 10 ሊትር ቢያፈስና እጥበቱ 15 ደቂቃ ቢፈጅ 150 ሊትር፣ ማለትም ሰባት ጀሪካን ተኩል ይሆናል፤ በሪንስለስ ግን ግማሽ ጀሪካን ይበቃል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በግቢ ውስጥ መኪና እንዳይታጠብ የሚከለክሉት አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ፈስሶ መተላለፊያውን ስለሚያጨቀይ ነው፤ በሪንስለስ ሲታጠብ ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ጥቂት ስለሆነ እኛ ብሎክ ውስጥ ይህ ጭቅጭቅ ቆሟል። በባልዲው የተረፈውን ንጹሕ ውሃ ለቸርኬና ለጎማ እጠቀምበታለሁ። ጨርቆቹ የታጠቡበትን ጥቁር ውሃ ግን የፍሬን ብናኝና ዘይት ስላለበት በጓሮ ጎመን ላይ አላፈሰውም፤ ወደ መጸዳጃ ቤቱ መስመር አፈሰዋለሁ።