የዘይት ቀይ መብራት በቆዩ መኪኖች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቀዩ መብራት ከበራ ዘይት ጎድሏል ማለት ነው።» እንደ ዲኤክስ ባሉ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ መብራቱ የሚከታተለው የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። የዘይት መጉደል ከምክንያቶቹ አንዱ ብቻ ነው። በሞተሩ ጎን የተገጠመው ሴንሰር መብራቱን የሚያበራው ግፊቱ እጅግ ዝቅ ሲል ነው፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

«ቀስ ብዬ ከነዳሁ ጋራዥ እደርሳለሁ።» ብሮንዚኑን (የዘንጉን መሸከሚያ ብረት) ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲጠፋ ብረት ከብረት ስለሚፋተግ፣ በዝግታ ቢነዳም ሞተሩ ሊነክስ (ተጣብቆ መዞር ሊያቆም) ይችላል። ዳር ይዞ ወዲያውኑ ሞተር ማጥፋት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆም ዘይቱን መለካት ይገባል።

«በሚኒሞ (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር) ብልጭ ይላል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ስለሚጠፋ ችግር የለውም።» ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሞተር የሚያስበላው ይህ አመለካከት ይመስለኛል። ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል፤ ብሮንዚኑ ከተበላ፣ ፓምፑ ከደከመ ወይም በዘይት ቋቱ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ወንፊት በዝቃጭ ከተደፈነ፣ በዝቅተኛ ዙር በቂ ግፊት አይገኝም። ግምትን የሚያስቀረው ሴንሰሩን ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ ማሰርና ሞተሩን አሙቆ ማንበብ ነው። በብዙ የቆዩ ቶዮታ ሞተሮች በሚኒሞ ቢያንስ 0.3፣ በደቂቃ 3000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠበቃል። ንባቡ ትክክል ሆኖ መብራቱ ከበራ ጥፋቱ የሴንሰሩ ወይም የሽቦው ነው፤ ዝቅ ካለ ግን ቋቱ ወርዶ ወንፊቱ፣ ፓምፑና ብሮንዚኑ መታየት አለባቸው።

«ወፍራም ዘይት ያድነዋል።» ወፍራም ዘይት መብራቱን ሊያጠፋ ይችላል፤ የተበላውን ብሮንዚን ግን አይመልስም፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ደግሞ ወደ ሞተሩ የላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል።

«መብራቱ ጨርሶ ካልበራ ሞተሩ ጤነኛ ነው።» ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ ገና ሳይነሳ መብራቱ መብራት አለበት። የሴንሰሩን ሽቦ ነቅለው መኪና የሚሸጡ ስላሉ፣ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያይ ይጠቀማል። ካልበራ ቁልፉን ከፍቶ የሽቦውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር ማገናኘት ነው፦ ያኔ ከበራ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ወይም ሽቦው ተነቅሎ ነበር፤ አሁንም ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም መስመሩ ተቆርጧል።