የጌቲየር ችግር ምንድን ነው?

አንድን ነገር «አውቃለሁ» ለማለት ምን ምን መሟላት አለበት? የተለመደው የፈላስፎች መልስ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ነገሩን ማመን፣ ያመኑት እውነት መሆኑ፣ ለማመንም በቂ ምክንያት መኖሩ። መልሱ ከፕላቶን ጋር ይያያዛል፤ እሱ ግን «ቴአይቴቶስ» በተባለው ምልልሱ ሐሳቡን አንስቶ መረመረው እንጂ አልተቀበለውም።

እ.ኤ.አ. በ1963 ኤድመንድ ጌቲየር የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ፣ ሦስቱም ተሟልተው እውቀት ላይኖር እንደሚችል በሦስት ገጽ ጽሑፍ አሳየ። የጌቲየር ችግር የሚባለው ይህ ነው። የእሱ ምሳሌዎች ስለ ሥራ ቅጥርና ስለ ፎርድ መኪና ነበሩ፤ እኛን ይበልጥ የሚቀርበን የስልክ ውሸት ይመስለኛል።

አንዱ ደሴ ፒያሳ ሆኖ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ጓደኛውን ይጠብቃል እንበል። ጓደኛው ይደውልና «ሐረጎ ደርሻለሁ፤ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሚኒባሱ እየተንፏቀቀ ነው» ይለዋል። ገና ከቤቱ አልወጣም፤ ጉሙን የፈጠረው ለማርፈዱ ሰበብ እንዲሆነው ነው። ጠባቂው ግን ጓደኛውን በውሸት አያውቀውም። አምኖ፣ አጠገቡ ላለው ሰው «ሐረጎ ላይ ጉም አለ» ይላል። እንዳጋጣሚ ሆኖ በዚያው ሰዓት ሐረጎ እውነትም በጉም ተሸፍኗል።

አምኗል፣ ያመነው እውነት ነው፣ ምክንያትም አለው። ታዲያ ያውቅ ነበር? «ኧረ አያውቅም!» የሚለው ይበዛል፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

አንዳንዶች «እምነቱ በሐሰት ላይ የቆመ መሆን የለበትም» የሚል አራተኛ መስፈርት ጨመሩ። አልቪን ጎልድማን ደግሞ በ1967 ለእምነቱ መንስኤው ራሱ እውነታው መሆን አለበት አለ። መንገዱን አሁን ያለፈ ሾፌር ቢነግረን ወሬው የሚነሳው ካየው ጉም ነው፤ የጓደኛው ወሬ የተነሳው ግን ከሰበብ ፍለጋ ነው። ለመንገድ ወሬ ይህ ይበቃኛል። ለሒሳብ እውቀት ግን አይሆንም፤ ጎልድማን ራሱም ሐሳቡን በተሞክሮ ለሚታወቁ ነገሮች ብቻ ወስኖታል። ቲሞቲ ዊሊያምሰን በ2000 ባሳተመው መጽሐፉ ከነጭራሹ እውቀትን በእምነትና በሌሎች መስፈርቶች ለመተንተን መሞከሩን ተወው።

«የጌቲየር ጉዳይ» የሚለው ስም ያለቦታው ሲገባም ይታያል። ጉም ባይኖር ኖሮ ጠባቂው በቀላሉ ተሳስቷል ይባል ነበር። ማንም ሳይነግረው እንዲሁ ገምቶ ቢገጥምለትም የጌቲየር ጉዳይ አይሆንም፤ በቂ ምክንያት ከመጀመሪያውም አልነበረውምና።